ሰባ ላይ የታሰረ ልብ

ሎሚ ከሕክምና ቤቱ አልጋ ራስጌ ያለችውን ሳጥን የዘጋቻት በጥንቃቄ ነበር። ቤት ያለውን ሬዲዮ ስትዘጋ እንደምታደርገው፣ ቁልፉን በሁለት ጣቶቿ ይዛ፣ ቀጭ ሲል የተኛውን ሰው እንዳይቀሰቅስ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ፣ ቀስ ብላ ወደ ግራ አዞረችው። ስድስት ቀን ሙሉ ቦግ እልም ስትል የከረመችው ትንሽ ቀይ መብራት ጠፋች። ባሏን ዋቅወያን እንቅልፍ ወስዶታል፤ የሚያዳምጥ ሰው በሌለበት ከፍቶ መተው ደግሞ የባትሪ ድንጋይ መጨረስ ነው። እሷ ቤት ዜናው ካለቀ ሬዲዮው ይዘጋል። ሬዲዮ ከገዙ ጀምሮ የቤቱ ሕግ ይኸው ነው።

ቀና ስትል የዋቅወያ አገጭ ወደ ላይ ተሰቅሏል። ከንፈሩ የአመድ መልክ ይዟል። ዓይኖቹ ገርበብ ብለው ነጫቸው ብቻ ይታያል። «አባ ደራርቱ» ብላ በልጃቸው ስም ጠራችው። አልሰማትም። ትከሻውን ይዛ ስትነቀንቀው ግራ እጁ ከአልጋው ጫፍ ተንሸራቶ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠለ። ያን ጊዜ ነው የጮኸችው።

ነርሷ ወይንሸት ከኮሪደሩ ጫፍ እየሮጠች ገባች። ዓይኗ ያረፈው ሰውየው ላይ ሳይሆን ሳጥኗ ላይ ነበር። የአንድ እጇን ጣቶች አንገቱ ላይ አሳርፋ በሌላው ቁልፉን ወደ ቀኝ መለሰች። መብራቷ ቦግ አለች፤ እልም አለች፤ ቦግ አለች። ጥቂት ቆይቶ ከዋቅወያ ከንፈር ላይ አመዱ እየለቀቀ ሄደ። ረጅም ትንፋሽ ሳበ፣ ዓይኑን ገለጠ፣ ምን እንደሆነም ሳያውቅ መልሶ ከደነው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን ነካሽ?» አለች ወይንሸት።

«ድንጋዩ እንዳያልቅ ብዬ ነው። እሱ ተኝቷል።»

«ሬዲዮ መሰለሽ? የዘጋሽው ልቡን እኮ ነው።»

ሎሚ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። በመጀመሪያ ድንጋጤ ብቻ ነበር፤ ድንጋጤው እየበረደ ሲሄድ ግን ከሥሩ ንዴት ብቅ አለ። ከትናንት ወዲያ «የሳጥኗ ድንጋይ እየደከመ ነው፤ መለዋወጫው ከአዲስ አበባ የሚደርሰው ዓርብ በአውቶቡስ ነው፤ እስከዚያ እንዲቆይልን ጸልዩ» ያለቻት ይህችው ወይንሸት ናት። ሎሚም ጸለየች፤ ጸሎቷን እንደጨረሰች ደግሞ ነጠላዋን ታጥቃ የነቀምቴን ሱቆች አንድ በአንድ አሰሰች። ለእጅ ባትሪና ለትልልቅ ሬዲዮ የሚሆነው ክቡ ድንጋይ ሞልቷል። ይህ እንደ ክብሪት ቀፎ ያለው፣ አናቱ ላይ ሁለት ጡት ያለው ትንሹ ድንጋይ ግን የለም። አንድ ባለሱቅ ብቻ ሁለት እንደነበሩት ነገራት፤ ሁለቱንም ባለፈው ሳምንት ባሏ በመሬት የሚካሰሰው ቀኛዝማች ደረሳ በትከሻው ለሚያንጠለጥላት ትንሽ ሬዲዮ ወስዷቸዋል። ታዲያ ድንጋዩ ብርቅ መሆኑን ሁሉም ሰው ሲነግራት፣ ሳጥኗ ምን እንደምትሠራ ግን አንድም አፍ አልነገራትም።

«ድንጋይ ፍለጋ ከመውጣቴ በቀር ስድስት ቀን ከዚህች ወንበር አልተነሳሁም» አለች ድምጿ ሻከር ብሎ። «ይህች ነገር ከተዘጋች ሰውየውም ይዘጋል ብሎ የነገረኝ ማን ነው?»

«ለባለቤትሽ ተነግሯቸዋል። ዶክተሩ በወረቀት ሥሎ ነው ያስረዳቸው።»

«እሱማ በሽተኛ ነው፣ ይተኛል። ነቅታ የምትጠብቀው እኔ ነኝ።»

የወይንሸት አባት ከጎጃም መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው፤ እሷ ነቀምቴ ተወልዳ ያደገች፣ በሁለቱም ቋንቋ ምላሷ የማይታጠፍ፣ በሽተኛም ጠያቂም የሚፈራት ሴት ናት። አሁን ግን ክርክሩን ተወችው። ወጥታ ዶክተሩን ይዛው መጣች።

ፈረንጁ ዶክተር የባሏን እጅ ይዞ ሰዓቱን እያየ ቆጠረ፤ ሽቦው የገባበትን የቀኝ ክንዱን ፋሻ ገልጦ አየ። ከዚያ በእነዚህ ስድስት ቀናት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ወደ ሎሚ መለሰ። አማርኛው ሲሰነካከል ወይንሸት እየደገፈችው ነገሩን ሁሉ ነገራት። ልብ ላይ ቤትና ታች ቤት አለው። ላይኛው «ምታ» እያለ ያዛል፤ ታችኛው ይመታል። ያን ቀን ጠዋት፣ ዋቅወያ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ካለው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ደረቱን ይዞ የወደቀ ዕለት፣ ልብን የሚመግበው አንዱ ደም ሥር ተደፍኗል። ሥጋው ተጎድቷል፤ ትእዛዙ የሚያልፍበት መንገድም አብጦ ተዘግቷል። ላይኛው ይጠራል፣ ታችኛው አይሰማም። በደቂቃ ሠላሳ ጊዜ እየመታ ሲያዘግም ነው ያገኙት። ዶክተሩ እንደ ስፌት ክር የቀጠነ ሽቦ በክንዱ ደም ሥር አስገብቶ፣ በራጅ እያየ፣ ጫፉን ልቡ ውስጥ አሳርፎታል። ሳጥኗ በዚያ ሽቦ ታችኛውን ቤት በደቂቃ ሰባ ጊዜ ታንኳኳለታለች።

«እስከ መቼ?» አለች ሎሚ።

«ጊዜያዊ ነው» አለ ዶክተሩ። ይህችን ቃል በደንብ ያውቃታል። «እብጠት ሲወርድ ልብ ራሱ ይሰማል። ሽቦ እናወጣለን፣ እንጥላለን። አምስት ቀን፣ ዐሥር ቀን።»

ከዚያ ወይንሸትን በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አላት። እሷም ቅር እያላት ተረጎመችው። ሎሚ ሳጥኗን ስትዘጋት ልቡ ጥቂት ሰከንዶች ዝም ካለ በኋላ፣ ወይንሸት ቁልፉን ሳትመልሰው፣ በራሱ መምታት ጀምሮ ነበር። ጣቷ ሥር ተሰምቷታል፤ ደካማ ነው፣ ግን ራሱ ነው። ዶክተሩ ይህን ነገር ነገ ሊፈትነው አስቦ ነበር። ልቡ እየተመለሰ ነው። ሆኖም ገና ነው፤ ዛሬ ከአልጋ ቢነሳና ሽቦው ቢንሸራተት መንገድ ላይ ይቀራል።

«ዛሬ» የምትለው ቃል ነው ዋቅወያን ያባነነችው።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አለ።

ዛሬ ሐሙስ ግንቦት ዘጠኝ ነው። በሦስት ሰዓት የፍርድ ቤት ቀጠሮ አለው።

ከሲሬ ከተማ ማዶ ያለው መሬት የዋቅወያ አባት የባቻ ነው። ዐሥራ አራት አባወራ ወንድምና የወንድም ልጅ ይኖርበታል። መሬት በቀላድ ገመድ የተለካ ጊዜ ለኪዎቹን እየመራ ያዞረው የደረሳ አባት ነበር፤ ገመዱ ተጠቅልሎ ሲያልቅ የባቻ መሬት በደረሳ አባት ስም ተጽፎ ተገኘ። እንግዲህ ዋቅወያ የሚስዮን ትምህርት ቤት መምህርነቱን ትቶ ክርክር ከገባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ዳኛው ታመመ ተብሎ ተቀጠረ። ዳኛው ተዛወረ ተብሎ ተቀጠረ። መዝገቡ ጠፋ ተብሎ ተቀጠረ፤ ሲገኝ ገጽ ጎድሎታል ተብሎ ተቀጠረ። አንድ ዓመት ዝናብ የመዝገብ ቤቱን ጣሪያ አፍስሶ ሰነዱ እስኪደርቅ ተብሎ ተቀጠረ። ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው ግን አልነበረም፤ ቢጠየቅ ሁሉም እጁ ንጹሕ ነው። ቀጠሮው ብቻ ራሱን በራሱ እየወለደ ሄደ። ደረሳ መሬቱን እየበላ፣ ዋቅወያ ደጅ እየጠና፣ ዘጠኝ ክረምት አለፈ።

አሁን ደግሞ ትራክተር መጣ። ደረሳ ከባኮ በኩል ተከራይቶ አስመጥቶ ሲሬ ከተማ አቁሞታል፤ ሰኞ መሬቱ ላይ ይገባል፤ ዐሥራ አራቱም ቤት ከነማጀቱ ይታረሳል። ዋቅወያ ያን አይቶ በተመለሰ ማግስት ነው የወደቀው። ዛሬ ፍርድ ቤቱ ትራክተሩን የሚያግድ ትእዛዝ ይስጥ ወይም አይስጥ ተብሎ ይሰማል። ከሳሽ ካልቀረበ መዝገቡ ይዘጋል። ወንድሞቹ መሬቱን ለቀው አይመጡም፤ ማሳው ላይ ተኝተው ትራክተሩን እየጠበቁ ነው። ልጃቸው ደራርቱ አዲስ አበባ ትምህርት ላይ ናት።

«ሳጥኗን ያዥልኝ» አለ ዋቅወያ፤ በግራ ክንዱ ተደግፎ ሊነሳ ቃጣው። «አንቺ ሳጥኗን ትይዣለሽ፣ እኔ እሄዳለሁ። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው ተቋጥሮ በቁራኛ ነበር ችሎት የሚገቡት። እኔ ከሳጥን ጋር ተቆራኝቼ እገባለሁ።»

ወይንሸት በአንድ እጇ መልሳ አስተኛችው። ዶክተሩ ራሱን ነቀነቀ።

ዋቅወያ ተቆጣ። ሎሚ የባሏን ቁጣ ታውቀዋለች፤ ሃያ አራት ዓመት አብራው ኖራለች። ሲቆጣ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ይገተራል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ድምፁ ከጎረቤት አልፎ ገበያ ይደርሳል። ዛሬም ሕክምናውን፣ ዳኛውን፣ ደረሳን፣ ትራክተሩን፣ ሽቦውን እየጠራ ረገመ። ግን ሥሩ አልተገተረም። ፊቱ አልቀላም። ቃሉ የቁጣ ነው፣ ትንፋሹ ግን መሐል ላይ እየተቆረጠ እንደ ልመና ይወጣል። ሳጥኗም በቁጣው ሳትገረም ሰባዋን ትመታለች፤ ቦግ እልም፣ ቦግ እልም።

ዋቅወያም ገባው። ፊቱን ወደ መብራቷ አዞረ።

«አየሽ ሎሚ» አለ፣ «ልቤ እንኳ አብሮኝ አይቆጣም።»

«እኔ ልሂድ» አለች።

«የት?»

«ችሎት።»

ትክ ብሎ አያት። «ሬዲዮና ልብ የማትለይ ሴት ደረሳን ትከራከርልኛለች? ደግሞስ የአጎትሽ ልጅ አይደለም? ፊት ለፊት ቆመሽ "ሌባ ነህ" ልትዪው?»

ይህን የሰማችው ዛሬ ብቻ አይደለም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በቀጠሮ ቀን ሁሉ ስንቁን በአገልግል ይዛ ከፍርድ ቤቱ ቅጥር ውስጥ ሾላው ሥር ተቀምጣለች። ባሏ ይገባል፣ እሷ ትጠብቃለች። ሲወጣ ደግሞ እስኪበርድለት ድረስ ያለፈውን ቃል በቃል እየደገመ ይነግራታል። የመዝገቡን ቁጥር ታውቃለች። እያንዳንዷን ቀጠሮ ከነምክንያቷ ታውቃለች፤ ዋቅወያ ቀን ሲምታታበት የሚጠይቀው እሷን ነው። ይህን ሁሉ ያወቀችውን ሴት የደረሳ ደም ናት ብሎ ከሾላው ሥር አላስነሳትም። አሁን ልቡ በክር ተንጠልጥሎ እንኳ አላስነሳትም። አልጋውን አይታ የምትመልስለትን ደረቷ ውስጥ አስቀረችው።

ሁለት ሰዓት ሲሆን በሩ ተንኳኳ።

«አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደራችሁ» እያሉ የገቡት ኦቦ መገርሳ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ፣ ከነቀምቴ እስከ ቢላ ድረስ እሳቸው የገቡበት እርቅ አይፈርስም የሚባልላቸው፣ እንባቸው ቅርብ የሆነ ደግ ሰው። ከኋላቸው ሌሎች ሁለት ሽማግሎች። ከነሱ ኋላ ቀኛዝማች ደረሳ፤ ባርኔጣውን አውልቆ፣ በቆዳ ማኅደር ያለችውን ትንሽ ሬዲዮ በትከሻው አንጠልጥሎ። ከሁሉም ኋላ ደግሞ ወረቀትና የቀለም ቆርቆሮ የያዘ የደረሳ ጸሐፊ።

ሎሚ ወንበሩን ለመገርሳ ለቀቀች። ለምን እንደመጡ ወዲያው ገብቷታል። በዚህ አገር በሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ቂም ይዞ አይተውም። ሽማግሎች መጥተው ከተጣላው ሰው ጋር እጅ ለእጅ ያያይዙታል፤ ይቅር አስብለው፣ መርቀው፣ ነፍሱን ያቀሉለታል። እሷ ራሷ አባቷ ሲያጣጥሩ አይታለች፤ ከጎረቤታቸው ጋር ሲታረቁ ፊታቸው እንዴት እንደበራ አትረሳውም። መልካም ልማድ ነው። ይህን መልካም ልማድ ደረሳ ልክ በቀጠሮው ቀን፣ ችሎት ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ ከነቀለሙ ይዞት መጣ።

መገርሳ ጸለዩ። ከዚያ የዋቅወያን ግራ እጅ ይዘው በለሆሳስ ተናገሩ። ስለ ሳጥኗ ከሕክምና ቤቱ ሰዎች ሰምተዋል። «ልጄ» አሉ፣ «ሰው ልቡ በባትሪ ድንጋይ እየሠራ ከዘመዱ ጋር አይካሰስም። የሬዲዮ ድንጋይ መቼ እንደሚያልቅ ታውቃለህ? አታውቅም። ቀኛዝማችም እርቅ ይሁን ብሏል። ለአንተና ለሎሚ የመቃብር ያህል ሳይሆን የመኖሪያ የሚሆን፣ በከተማው ዳር ቦታ እሰጣለሁ ብሏል። ክርክሩን ተወውና ዕረፍ።»

ጸሐፊው ወረቀቱን አነበበ። አጭር ነው፤ ምንም የተደበቀ ነገር የለበትም። ዋቅወያ ባቻ በሽማግሎች ፊት በፈቃዱ ይቅር ብሏል፤ ከሲሬ ማዶ ባለው መሬት ላይ ያቀረበውን ክስ ትቷል፤ ከእንግዲህም አይጠይቅም።

«ዐሥራ አራቱ ቤትስ?» አለ ዋቅወያ።

«እነሱን እኔ አውቃቸዋለሁ፣ ዘመዶቼ ናቸው» አለ ደረሳ። «ለልብህ ሰላም ይሻለዋል፣ ዋቅወያ። ሐኪሙስ አትቆጣ አላለህም?»

ሎሚ ባሏን አየችው። ይጮኻል ብላ ጠበቀች። ከአልጋው ላይ የሚወጣውን ያን የታወቀ ነጎድጓድ ጠበቀች። ዋቅወያ ግን ጣሪያውን አየ። ከዓይኑ ጥግ እንባ ወርዶ ጆሮው ውስጥ ገባ። ደክሞታል። ዘጠኝ ዓመት የቆመው በቁጣ ኃይል ነበር፤ አሁን ቁጣውን የሚገፋለት ልብ የለም። ያለው ሰባ ላይ የታሰረ፣ ለማንም የማያዝን ጸጥተኛ ልብ ነው። ቀኝ ክንዱ በእንጨት ላይ ስለታሰረ መፈረም አይችልም። ጸሐፊው ጎንበስ ብሎ የግራ አውራ ጣቱን ያዘና ቀለም ቀባው። ዋቅወያ አልከለከለውም።

«ቀኛዝማች» አለች ሎሚ።

ሁሉም ዞሩ። ድምጿ ከፍ አላለም፤ ግን ጸሐፊው የያዘውን ጣት ይዞ ቀረ።

«ለእርቅ ነው የመጡት?»

«ለሌላ ምን ብዬ እመጣለሁ፣ እህቴ?»

«እንግዲያው ድንጋዩን ይስጡኝ።»

«የምን ድንጋይ?»

«ሬዲዮዎ ውስጥ ያለውን። የሳጥኗ ድንጋይ እየደከመ ነው፣ ሌላው ነገ ነው የሚመጣው። ከተማውን ሙሉ ፈልጌ አጣሁ። የነበሩትን ሁለቱን እርስዎ ወስደዋቸዋል። አንዱ ትከሻዎ ላይ አለ።»

የደረሳ እጅ ሳያስበው ወደ ማኅደሩ ሄደ፤ ኪሱን ከሌባ እንደሚጠብቅ ሰው ሸፈናት። «እሱማ... አዲስ ነው እኮ። ማለቴ፣ ለእንዲህ ያለ ነገር ይሆናል? ሰው ልኬ ከአዲስ አበባ ስንት አስመጣላችኋለሁ። መጀመሪያ ይህን ወረቀት እንጨርስ።»

መገርሳ ቀስ ብለው አንገታቸውን አዞሩና ደረሳን ከጫማው ጀምረው እስከ ራሱ አዩት። ከዚያ ሎሚን አዩ። ደግነታቸው ለማን መሣሪያ እንደሆነ ያን ጊዜ የገባቸው ይመስላል፤ የፊታቸው ቆዳ ጠቆረ።

«ከወረቀቱ በፊት ሰውየው ነው፣ ደረሳ» አሉ። ቀኛዝማች አላሉትም።

ደረሳ ማኅደሩን ከፈተ። ጥፍሩ ክዳኑን እስኪያላቅቅ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ድንጋዩን ለሎሚ ሳይሆን ለወይንሸት ነው የሰጣት። ወይንሸት ሁለቱን ጡቶች በምላሷ ጫፍ ነካ አድርጋ ሞከረችው።

«አዲስ ነው፣ እውነታቸውን ነው» አለች። «ያቃጥላል።»

«አሁን እንግዲህ ይቀጥል» አለ ደረሳ።

«አይቀጥልም» አለች ሎሚ። «ኦቦ መገርሳ፣ እናንተ ለሚሞት ሰው ነው የመጣችሁት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልማዳችን ነው። ግን ባሌ አይሞትም። ልቡ እየተመለሰ ነው ብሎ ዶክተሩ ዛሬ ጠዋት ነግሮኛል፤ ለእኔ ነው የነገረኝ። በእግሩ ሲቆም ኑና አስታርቁን። ያን ጊዜ እሺም እምቢም የሚለው ራሱ ይሁን።»

ደረሳ በኦሮምኛ የአጎቷን ስም አነሳባት፤ በአባቷ አጥንት ለመናት፤ ሴት ወንዶች መሐል መግባቷን ሊያሳፍርባት ሞከረ። እሷ የጸሐፊውን ክንድ ከባሏ እጅ ላይ አነሳች። ደረሳ ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ፤ ጸሐፊው በጥድፊያ የቀለሙን ቆርቆሮ ረስቶት ተከተለው።

መገርሳ አልወጡም። ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጡ ቀሩ።

ዋቅወያ የተቀባ አውራ ጣቱን ከፍ አድርጎ አየው። ከዚያ ሚስቱን አያት። ደረቷ ከቀሚሷ ሥር ሲነሳና ሲወድቅ፣ አንገቷ ላይ ያለው ሥር ሲገተር፣ ፊቷ ሲቀላ አየ። ይህን ፊት ያውቀዋል። ቁጣው ጠፍቶበት ሲፈልገው ነበር፤ ለካ ወዴት እንደሄደ አላየም እንጂ ከክፍሉ አልወጣም።

«ወይንሸት፣ ወረቀት ስጪኝ» አለ። «ቀለሙ ሳይደርቅ።»

እሱ እየተናገረ ወይንሸት ጻፈች። በመታመሜ ምክንያት ስለ እኔ ሆና እንድትከራከር ባለቤቴን ወይዘሮ ሎሚን ወክያለሁ። ጣቱን አሳረፈ። ዶክተሩ ተጠርቶ ስለ ሕመሙ ጽፎ አያያዘበት። ምስክር ሲያስፈልግ መገርሳ ሳይጠየቁ ብዕሩን ተቀበሉ፤ ስማቸውን እስከ አያታቸው ጻፉ።

«ሳጥኗንስ ማን ይጠብቃል?» አለች ሎሚ በሩ ላይ ቆም ብላ።

«እኔ» አለች ወይንሸት። «ሂጂ፣ እትዬ ሎሚ። ማንም አይነካትም።»

ከእጇ ልማድ የተነሳ አገልግሉን አንጠልጥላ ወጣች። ግማሹን መንገድ ሮጠች። የፍርድ ቤቱ ቅጥር ግቢ ስትደርስ እግሯ በራሱ ወደ ሾላው ሄደ፤ ሁለት እርምጃ ከሄደች በኋላ መለሰችው።

«ዋቅወያ ባቻ» እያለ ተጣሪው ለሁለተኛ ጊዜ ሲጮህ ነው የገባችው። አንድ ጊዜ ቢጨምር መዝገቡ ይዘጋ ነበር። ደረሳ ከነጠበቃው ተቀምጧል፤ ባዶዋ ሬዲዮ አሁንም ትከሻው ላይ አለች። አስተርጓሚው ከቦታው ተነስቶ ወደ እሷ ተጠጋ። ዳኛው የዚሁ የወለጋ ልጅ ነው፤ ኦሮምኛ ከናቱ ጡት ጋር የጠባ ሰው ነው። ባላገሩ በኦሮምኛ የሚለውን ሁሉ ይሰማዋል፤ ግን አልሰማሁም ብሎ ቁጭ ብሎ፣ አስተርጓሚው አሳጥሮና አጣሞ በአማርኛ እስኪያመጣለት ይጠብቃል። ሥርዓት ነው ይባላል። ዋቅወያ በዚህ ሥርዓት ላይ የተቆጣው ቁጣ ብቻውን አንድ ልብ ይጨርሳል።

«አስተርጓሚ አያስፈልገኝም» አለች ሎሚ በአማርኛ።

ዳኛው የሐኪሙን ወረቀትና የውክልናውን ወረቀት አገላብጦ አነበበ። ክፉ ሰው አልነበረም። መነጽሩን አውልቆ በሐዘኔታ አያት። «እግዚአብሔር ይማርልሽ» አለ። «ወኪል ሆነሽ የቀረብሽው ዛሬ ነው። መዝገቡንም አታውቂው ይሆናል። ባልሽም እስኪሻለው ድረስ... ለሐምሌ ሃያ ሦስት ቀን ይቀጠር።»

የደረሳ ጠበቃ ከመቀመጫው ግማሽ ብድግ አለ። «በበኩላችን ተቃውሞ የለንም፣ ክቡር ፍርድ ቤት። እኛም ለታመመው ወንድማችን እናዝናለን።»

ደረሳ አንገቱን ደፋ፤ ከንፈሩ ግን ዝግ ብሎ ሲለጠጥ ሎሚ አየችው። ጸሐፊው ብዕሩን ቀለም ነከረ። ተጣሪው ቀጣዩን ስም ሊጠራ ወረቀቱን ገለጠ። ሰዎቹ ሁሉ ደግ ሆነዋል፤ ለእሷ አዝነዋል። የሚጠበቅባት እጅ ነስታ መውጣት ብቻ ነው። ነገር ግን ሐምሌ ሃያ ሦስት፣ ትራክተሩ ያረሰው መሬት ላይ የደረሳ በቆሎ ጉልበት ደርሶ ይሆናል፤ የዐሥራ አራቱ ቤት ምሰሶ ማገዶ ሆኖ አልቆ ይሆናል። ባሏ ሽቦው ወጥቶለት፣ ድኖ፣ በእግሩ ቆሞ ይመጣል፤ የሚከራከርበት መሬት ግን አይኖርም።

እጇን ደረቷ ላይ አሳረፈች። ልቧ ሰባን ካለፈ ቆይቷል። ይህን ልብ ልክ አውጥቶ የሚያስርባት ሰው በዚህ ክፍል ውስጥ የለም።

«ቀጠሮ አልፈልግም» አለች።

ዳኛው መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ምን አልሽ?»

«መዝገቡን አውቀዋለሁ፣ ጌታዬ። ዘጠኝ ዓመቱን አውቀዋለሁ። ከመጀመሪያው ቀጠሮ ጀምሬ ልናገር። ሰኞ ትራክተሩ ሳይገባ፣ ዛሬ ይሰማልኝ።»

ብላ አገልግሉን ከክንዷ አወረደችና እግሯ ሥር ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።